ብርድ የማይፈራበት አገር

ሲስተር ንጋትወርቅ ስታስተምር አንዴ የሰማ ሰው አይረሳትም። ጠዋት ጠዋት ሕመምተኛው ካርድ እስኪወጣለት በጤና ጣቢያው ዳስ ሥር ተኮልኩሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የነጭ ጋውኗን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ መሀል ላይ ትቆማለች። ማይክራፎን የለ፣ ምን የለ፤ ድምጿ ግን ከአጥሩ ማዶ ጎማ የሚያስነፉት ሾፌሮች ጋ ይደርሳል። ስለ ወባ ታስተምራለች፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ። የሰመራ ሰው ከየአቅጣጫው የተጠራቀመ ነው፤ አፋሩ አለ፣ ወሎዬው አለ፣ ከመሀል አገር ለመንግሥት ሥራ የመጣው አለ፤ ለሁሉም እንዲገባው ብላ ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ አድርጋ ነው የምትናገረው። ቁጣም አያጣትም። አንዷ እናት ለሕፃኗ የቆሸሸ ጡጦ ይዛ ካየች ጡጦውን ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ እስኪ ራስሽ ቅመሺው ትላታለች። ሰው ይስቃል፤ እናትየዋም አፍራ ትስቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ያ ጡጦ በዚያ ግቢ አይታይም።

አንድ ሕግ ነበራት፤ ለአዳዲስ ነርሶች ሁሉ የምትነግራቸው። ለሕመምተኛ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሩ ትላለች። አንድ ነገር፣ በአጭሩ፣ ደጋግማችሁ። የታመመ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ሦስት አራት ነገር ስትዘረዝሩለት አዎ አዎ ይላችኋል እንጂ በሩ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ጥሎት ነው የሚወጣው። ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘችውም፤ በበረሃ ስትሠራ ኖራ በዓይኗ ያየችው ነው። ደግሞም ሠርቶላታል። በእሷ ትምህርት የተረፈ ልጅ በዚያ በጅቡቲ መንገድ ዳር ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሚመጣውን ሰምቶ ሊፈርድባት የሚቸኩል ሰው ትንሽ እንዲታገሥ ብዬ ነው።

የተወለደችው መንዝ ነው። የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰችው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ያኔ የምሩቅ ቦታው የሚታወቀው በዕጣ ነበር። ጓደኞቿ ደሴ፣ ፍቼ፣ አሰላ እያሉ ሲፈነድቁ የእሷ ወረቀት አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚል ሆኖ ወጣ። ከባቡሩ ወርዳ ወላፈኑ ፊቷን ሲመታት የሞተሩ ሙቀት መሰላት። ባቡሩ ሄደ፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ቀረ። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያከራየቻት ሴትዮ ፍራሽ አውጥቶ ውሃ ረጭቶ መተኛትን አስተማረቻት፤ በእርጥብ ሻሽ ራስ መጠቅለልንም። ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ያለችው ልጅ፣ ዓመቱ ሲሞላ መዛወሯ ትዝም አላላት።

እዚያው አዋሽ በላይ የሚባል የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ አገባች። ደግ ሰው ነበር፤ ሙቀቱን ግን አልቻለውም። ዝውውር አግኝቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ተከተዪኝ አላት። ያኔ ወባ ገብቶ ጤና ጣቢያው በሕመምተኛ ተጨናንቆ ነበርና፣ ይሄ ይለፍና እመጣለሁ አለችው። ያ ሲያልፍ ኩፍኝ ገባ፤ ኩፍኙ ሲያልፍ ሌላ መጣ። ሰውየው ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ምን ይፈረድበታል። ልጅም አልወለዱም ነበር። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ ሰመራ ሲዘዋወሩ ነርስ ጠፋ ሲባል ሰማች፤ የሚይዛት ነገር ስላልነበረ ጓዟን ጠቅልላ ወረደች።

ሰመራ ያኔ ከተማ ለመባል ገና እየዳዳት ነው። በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ የተደረደሩ ቢሮዎች፣ በመካከላቸው የጅቡቲ መንገድ፣ በመንገዱ ላይ ሲያጓሩ የሚውሉ ተሳቢዎች። ዛፍ የለ። አዋሽ ላይ ሙቀት መስሏት የነበረው ነገር ለካ ጨዋታ ኖሯል። ግንቦት ሲገባ ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል፤ የበር እጀታ በጨርቅ ይያዛል፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። እዚያ አገር ብርድን የሚፈራ ሰው የለም። ቀዝቃዛ የተባለ ነገር ሁሉ መልካም ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ሳይሆን በረዶ የሠራ ውሃ ነው፤ የታመመ ሊጠይቅ የሚሄድም በፌስታል በረዶ ቋጥሮ ይሄዳል። ንጋትወርቅም እንደ አገሩ ሆነች። መንዝ ስታድግ ከላይዋ የማይወርደው ወፍራም ጋቢ ከሻንጣዋ ሥር ታጥፎ ብል በላው።

ምሳዋን የምትበላው ሱልጣና ቤት ነበር። ሱልጣና የባቲ ልጅ ናት፤ ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮና በሰሌን የተሠራች ምግብ ቤት ነበረቻት፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ እየሠራች ሾፌር ታበላለች። ባሏ አብዱሰላም ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ኸሊዳ። ከእሷ በፊት የተፀነሱት ሁሉ ወርደውባቸው፣ በስንት ዱዓ የመጣች ልጅ። ሱልጣና ሥራዋን የምትሠራው አንድ ዓይኗ ድስቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ልጇ ላይ ሆኖ ነው።

ኸሊዳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት መክሳት ጀመረች። ውሃም ታበዛለች። እናቷ አልደነገጠችም፤ ሰመራ ውስጥ ውሃ የማያበዛ ማን አለና። ንጋትወርቅ ግን አንድ ቀን ምሳዋን እየበላች ልጅቷን ስታያት ቆየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። በዚያ ሙቀት ውሃ የጠጣ ሰው በላብ ነው የሚያወጣው፤ ሽንት ቤት አይመላለስም። ይቺ ልጅ ግን ምሳው ሳያልቅ ወጣች ገባች፣ ወጣች ገባች። ነርሷ ነገር ዓለሙን ትታ እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ደሟ ሲመረመር ስኳሯ መሣሪያው ከሚያነበው በላይ ነበር።

ሆስፒታል ተኝታ አገግማ ወጣች። አገገመች ሲባል እንግዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እየተወጋች ትኖራለች ማለት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ። ሱልጣና ይሄን ስትሰማ አለቀሰች። ንጋትወርቅ ግን ለቅሶውን አላስረዘመችላትም፤ ብርቱካን ይዛ መጣችና መርፌ አወጋግ አስተማረቻት። ሱልጣና ብርቱካኑን ደጋግማ ስትስት፣ ኸሊዳ መርፌውን ከእናቷ ተቀብላ ራሷ ወጋችው። ከዚያ ወዲህ ራሷን የምትወጋው ራሷ ሆነች፤ እናቷ ፊቷን አዙራ ነው የምትቆመው። ምላስ ያላት ልጅ ነበረች። ነርሷ ልታያት ስትመጣ፣ እኔን ስኳር ያዘኝ ብለሽ ነው የምትመላለሺው፣ አንቺን ምን ያዘሽና ነው ባል የሌለሽ ትላታለች። ሱልጣና በድንጋጤ አፏን ትይዛለች፤ ንጋትወርቅ ደግሞ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይቺን ልጅ ወደደቻት። ያልወለደች ሴት የሰው ልጅ ስትወድ እንዴት እንደሚያደርጋት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ የከበደው መድኃኒቱን ማቆየቱ ነበር። ሱልጣና ፍሪጅ የላትም፤ ፍሪጅ ያላቸውም መብራት ሲጠፋ ከሌላቸው አይሻሉም። ንጋትወርቅ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ ገዝታ መጣች። ትንሹን ከትልቁ ውስጥ ከታ፣ መካከሉን በአሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን በውሃ አራሰች። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጣ በእርጥብ ጨርቅ ከደነችው። ከዚያ እንደ ልማዷ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ሱልጣና፣ አንድ ነገር ያዢልኝ። ይሄን መድኃኒት ሙቀት ይገድለዋል።"

ሱልጣና ቃሉን እንደ አደራ ያዘችው። ሙቀት ይገድለዋል፣ ሙቀት ይገድለዋል እያለች አሸዋውን ታርሳለች፤ ወጥ እያማሰለች ተነስታ ታርሳለች፤ ሶላቷን ሰግዳ ሳትቀመጥ ታርሳለች። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ቃሉን ሸምድደውት፣ ሱልጣና ሆይ ማሰሮው እንዳይሞቅ እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ልጅቷ ሥጋ አወጣች፤ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ንጋትወርቅ ጠዋት ዳሱ ሥር ስታስተምር የሱልጣናን ማሰሮ ምሳሌ አድርጋ ታነሳ ነበር። ኩራቷ ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት ሙቀቱ የባሰ ሆነ። ውሃም ይጠፋ ጀመር፤ ውሃ ከጠፋ ደግሞ አሸዋው ይደርቃል። ሱልጣና እንቅልፍ አጣች። ለባሏ ስልክ እየደወለች ታለቅስበታለች። አብዱሰላም ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ግን ከጭነቱ በላይ በሸራ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ጭኖ መጣ። ዲፕ ፍሪጅ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አወረደው። ከሚያቀዘቅዝ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ብሎ ሻጩን ጠይቆ ነው የገዛው፤ ለልጄ መድኃኒት ነው ብሎ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ክዳኑ ካልተከፈተ ቀኑን ሙሉ በረዶውን ይዞ የሚውል ነው።

ንጋትወርቅ ተጠርታ መጣች። ሱልጣና ክዳኑን ከፍታ ድንጋይ የመሰለ የውሃ ኮዳ አውጥታ ሰጠቻት። ኮዳውን አንገቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ተገላገልሽ፣ አሁንስ አሸዋ ማራስ ቀረልሽ አለቻት። ሱልጣናም አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒቷም ቤት አገኘች ብላ መለሰች። ነርሷ ይሄን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። የቱ ጋ ነው ያስቀመጥሽው ብላ አልጠየቀችም። ለምን ትጠይቅ። ብልቃጡ ከሁሉ በታች፣ ብርዱ ከሚበረታበት ከበረዶው ሥር ነበር፤ እናት ለልጇ የምትመርጥላትን ቦታ ነው የመረጠችው። የመርፌው ሰዓት ሲደርስ አውጥታ በመዳፏ ታቀልጠዋለች።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ኸሊዳ እንደገና መክሳት ጀመረች። ውሃውም ተመለሰ። ንጋትወርቅ ስኳሯን ለካችው፤ ከፍ ብሏል። መርፌውን ሳትዘልል እንደምትወጋ እናቷ ምላ ተገዘተች። ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል። ነርሷ ያሰበችው እያንዳንዳችን የምናስበውን ነው፤ ልጅ ናት፣ ሾፌሮቹ ብስኩትና ለስላሳ ያቀምሷታል። አስቀምጣ ተቆጣቻት። ልጅቷ ወላሂ አልበላሁም አለች። ነርሷ አላመነቻትም፤ እንዲያውም ለስኳሩ ሳይሆን ለውሸቱ ነው የምቆጣሽ አለቻት። የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አደረገችላት። ኸሊዳ ከዚያ ቀን በኋላ ከነርሷ ጋር መቀለድ ተወች።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ሱልጣና ልጇን በጀርባዋ አዝላ እያለከለከች ጤና ጣቢያ ገባች። ልጅቷ ሲያስመልሳት ነው ያደረው። ትንፋሿ ከሆዷ እየተሳበ ይወጣል፤ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ንጋትወርቅ ስኳሩ ደሟን እንደመረዘው ገና ከበሩ ነው ያወቀችው። ግሉኮስ የሌለበትን ውሃ በደም ሥሯ ከፈተችላት። የጤና ጣቢያው ኢንሱሊን አልቆ አዲሱ አልደረሰም ነበር፤ ሱልጣና ግን የራሷን ይዛ መጥታለች። ለጠዋቱ መርፌ አቅልጣው የነበረውን ብልቃጥ ከነበረዶው ፔርሙስ ውስጥ ከታ፣ ፔርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ። ነርሷ በዚያ ጭንቅ መካከል እንኳ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለቻት።

መድኃኒቱን በመርፌ ስትስብ ከብልቃጡ ጎን ላይ የተጣበቁ ደቃቅ ነጭ ነገሮች አየች። በሁለት መዳፏ መካከል አሸት አሸት አደረገችው። አልጠፉም። ጊዜ አልነበራትም፤ ወጋቻት።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። መድኃኒት በእጇ ባይኖር ኖሮ በዚያች ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትልካት ነበር፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መድኃኒቱ አለ ብላ ስላመነች ግን ስኳሩ እስኪወርድ ጠበቀች። ለካችው፤ አልወረደም። ደግማ ወጋቻት። እንደገና ለካችው፤ ያው ነው። ሱልጣና በአንድ እግሯ ቆማ ወረደ ወይ፣ ወረደ ወይ ትላለች። ከሰዓት ሆነ። ኸሊዳ ዓይኗን በግድ ገልጣ ነርሷን ፈለገቻት፤ ነርሷም ጆሮዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ሲስተር" አለች ልጅቷ። "አልበላሁም።"

"አውቃለሁ፣ የኔ እናት" አለቻት ንጋትወርቅ። አታውቅም ነበር፤ ለማባበል ነው ያለችው።

ስኳሩ እንደማይወርድ ሲገባት አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ሰርዶ ጋ የተገለበጠ መኪና ሊያነሳ ሄዷል። አንድ የጭነት ፒክአፕ ለምነው፣ ነርሷ የውሃውን ከረጢት በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሱልጣና ልጇን ታቅፋ ሄዱ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ ተረባረቡ፤ ያለውን ሁሉ ሞከሩ። ኸሊዳ እስከ ማግስቱ ቆየች፤ ረፋዱ ላይ አረፈች።

አብዱሰላም ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዞ ነበር። መኪናውን ለረዳቱ ጥሎ በተገኘው ተሳፍሮ መጣ፤ ሙቀቱ ግን ጀናዛ የሚያቆይ አይደለም። ሲደርስ ልጅቷ ተቀብራ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። ሰዎች ደግፈው ሲያስቀምጡት ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ መድኃኒቷ አልቆባት ነበር ወይ አለ። አላለቀባትም አለችው። አልሐምዱሊላህ አለ ሰውየው፤ ከእኛ የጎደለ ነገር የለም ማለት ነው፣ አላህ ነው የወሰዳት። ቤቱ በዚያ ቃል ተጽናና።

ንጋትወርቅ ሥራዋን አላቋረጠችም። ከቀብሩ በኋላ ወደ አርብቶ አደሮቹ መንደር ለክትባት የሚወጡበት ቀን ደረሰና ሳጥኑን ታዘጋጅ ጀመር። ዓመታት የለመደችው ሥራ ነው። በረዶ የሠሩትን ኮዳዎች ከፍሪጁ አውጥታ ላብ ላብ እስኪላቸው ጠረጴዛ ላይ አቆየቻቸው፤ በሳጥኑ ዙሪያ ደረደረቻቸው፤ ከዚያ ካርቶን ቆርጣ በበረዶውና በክትባቱ ብልቃጦች መካከል አስገባች። ካርቶኑ የሚገባው ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ ነው። በረዶ የመታው ክትባት ይበላሻል፤ ይሄን እጇ ራሱ ያውቀዋል።

እጇ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

በረዶ የመታው ኢንሱሊንም ይበላሻል። ተምራዋለች፤ ተፈትናበታለች። ሲበላሽ ብልቃጡ ጎን ላይ ደቃቅ ነጭ ነገር ይጣበቅበታል፤ እሱንም ተምራለች። መንዝ የተወለደች ልጅ ናት፤ ለምልሞ ያመሸ ባቄላ በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቁሮ ሲያድር፣ አባቷ በማሳው ዳር ራሱን ይዞ ሲቆም እያየች ነው ያደገችው። ብርድ እንደሚገድል ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ በረዶ ሲለምን ኖራ፣ ያወቀችውን ሙቀቱ አስረሳት። ከሳጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሠራተኞቹ ሙቀት ጣላት ብለው ውሃ አመጡላት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷው ናት የምታውቀው። ኸሊዳ እንዳልዋሸች አሁን ገባት፤ ልጅቷ አልበላሁም ስትላት አልበላችም ነበር። ይሄ ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን በላው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። ዝም ብትል ማን ያውቃል። እናትና አባት ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ተቀምጠዋል፤ ሄዳ ልጃችሁን የገደላት ለእሷ ብላችሁ ያመጣችሁት ዲፕ ፍሪጅ ነው ብትላቸው ልጅቷ አትመለስ። እንዲህ ያለ እውነት ለማን ይጠቅማል። ሱልጣናስ ከዚያ በኋላ በምን ልቧ ትኖራለች። ዝም ልትል ቆረጠች። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር፤ እናንተም እንዲሁ።

ግን ለቅሶ ቤት መቅረት አይቻልምና ሄደች። ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱልጣና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ። ንጋትወርቅን ስታያት እጇን ዘርግታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ይቺ እህቴ ናት፣ ለልጄ ያላደረገችው የለም አለች ለሴቶቹ። ንጋትወርቅ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እንዲህ እንደተቀመጡ አብዱናሲር መጣ። አብዱናሲር ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ነዳጅ ማደያ ጥበቃ ይሠራል፤ እሱም ስኳር አለበት፣ እሱም ኢንሱሊን ይወጋል። የሐዘን ቃሉን ተናግሮ ሲያበቃ ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ አውጥቶ፣ እንደታዘዝኩት አመጣሁት አለ። ሱልጣና ተነሳች። ዲፕ ፍሪጁ እዚያው ጥግ ነው፤ ክዳኑን ከፍታ በረዶዎቹን ወዲያና ወዲህ ፈልቅቃ ብልቃጡን ከታች ከተተችው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ ለልጄ ነፍስ ሰደቃ ይሁን ብዬ ነው አለች። በሰመራ ስኳር ያለበት ሁሉ መድኃኒቱን አምጥቶ ያስቀምጥ፣ አንድም ሰው ሙቀት መድኃኒቱን እንዳይገድልበት። ሲስተር ናት ያስተማረችኝ አለች። ሴቶቹ መረቋት፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ንጋትወርቅ ተነስታ ሱልጣናን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። እግሯ እንዴት እንደወሰዳት አታውቅም።

"የአብዱናሲርን መድኃኒት ከዚያ አውጪው።"

"ለምን?"

"በረዶ ከሆነ ይበላሻል። በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። ውሃ መወጋት ማለት ነው።"

ሱልጣና ዲፕ ፍሪጁ ወዳለበት ዞር አለች። ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ ንጋትወርቅ ሲገባት ቆማ አየች። ከዚያ፣ "የእሷም?" አለች።

"የእሷም።"

አልጮኸችም። ከጓዳው ወጥታ ዲፕ ፍሪጁን ከፈተች፤ ብልቃጡን አውጥታ ይዛ ተመለሰች፤ በነርሷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችውና ለሰውየው ሌላ ፈልጊለት አለች። ብልቃጡ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ከዚያ እህል ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠችና ለራሷ እንደምታወራ ሆና መናገር ጀመረች። አብዱሰላም አይስማ አለች፤ ፍሪጁን ከሰው ጋር በትከሻው ተሸክሞ ነው ያስገባው። ቀና ብላ ነርሷን አየቻት፤ የለመነቻት ያህል ነው።

"አንቺም አሁን ነው የሰማሽው፤ አይደል? ብታውቂማ ትነግሪኝ ነበር።"

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት። ሱልጣና በሩን ራሷ ከፍታ ቆማላታለች፤ መግባት ብቻ ነው የቀራት። ንጋትወርቅ ብልቃጡን በመዳፏ ጨብጣ ያዘችው።

"አውቅ ነበር" አለች። "ከድሮም አውቅ ነበር፣ ሱልጣና። ሳልነግርሽ ቀረሁ።"

ያኔ ነው የሱልጣና ድምፅ የወጣው። ከሆዷ ሥር፣ ልጇ በሞተችበት ቀን እንኳ ያልወጣ ድምፅ። ሴቶቹ ሐዘኑ አገረሸባት ብለው ተንጋግተው ጓዳውን ሞሉት፤ ያዟት፣ ሶብር አድርጊ፣ ሶብር አድርጊ አሏት። ሱልጣና እጆቻቸውን እየገፋች ወደ ነርሷ ልትናገር ትሞክራለች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ንጋትወርቅ በሴቶቹ መካከል ተጣብቃ ግድግዳው ጋ ቆማለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ በዕድሜ የገፋች የከሚሴ ሴትዮ፣ ክንዷን ይዛ ወደ ሱልጣና ጎተተቻት።

"ሲስተር፣ እባክሽ አንቺ ንገሪያት" አለቻት። "አንቺ ያልሻትን ነው የምትሰማው።"